ከአካዳሚ የተለቀቀ የ15 ዓመት በረኛ፤ በእንግሊዝ ምን መንገድ ቀረው?

ጥያቄው፦ «ልጄ 16 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ከ11 ዓመቱ ጀምሮ ለንደን ውስጥ በአንድ ክለብ አካዳሚ በረኛ ነበር። ሰሞኑን ክለቡ የስኮላርሺፕ ውል እንደማይሰጠው ነገረን። ቁመቱ 1 ሜትር ከ81 ነው፤ ‹ገና አልጠነከረም› አሉን። በእንግሊዝ አገር በረኝነት እንጀራ ይሆናል ወይስ ከአሁኑ ተስፋ ይቁረጥ? ምን ላይ ቢሠራ ይሻለዋል? አዲስ አበባ ያለው የ17 ዓመት የእህቴ ልጅም በረኛ ነው። እሱን ለሙከራ ማምጣት ይቻል እንደሆነም ብትነግሩኝ።»

መልስ፦

ልጅዎ ተስፋ የሚቆርጥበት ዕድሜ ላይ አይደለም። ይህን የምለው ለማጽናናት ሳይሆን በረኝነት ዘግይቶ የሚበስል ሙያ ስለሆነ ነው። የመስመር አጥቂ በ18 ዓመቱ በፍጥነቱ ብቻ ዋናው ቡድን ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ኳስ ቢነጠቅም ከኋላው የሚሸፍንለት ሰው አለ። ከበረኛ ኋላ ያለው መረብ ብቻ ነው። ስለዚህ አሰልጣኞች ግቡን ለ18 ዓመት ልጅ አደራ ለመስጠት ያመነታሉ፤ ምክንያትም አላቸው። ተሻጋሪ ኳስ ማንበብ፣ መቼ መውጣት መቼ መቅረት እንደሚገባ ማወቅ፣ ተከላካዮችን በድምፅ ቦታ ማስያዝ በልምምድ ሜዳ ብቻ አይመጣም። የሚመጣው ነጥብ በሚቆጠርበት ጨዋታ ነው።

ኒክ ፖፕን ይመልከቱ። ኢፕስዊች ታውን በ16 ዓመቱ ለቀቀው። ቤሪ ታውን በሚባል የታችኛው ሊግ ክለብ ሲጫወት ቆይቶ በ2011 ቻርልተን አትሌቲክ አስፈረመው። ቻርልተንም ወዲያው ግቡን አልሰጠውም፤ ሀሮው ቦሮ፣ ዌሊንግ፣ ካምብሪጅ ሲቲ፣ አልደርሾት፣ ዮርክ ሲቲ እያለ በውሰት አዞረው። በ2016 ወደ በርንሊ ተዛወረ። ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በ2017፣ የበርንሊ አንደኛ በረኛ ቶም ሂተን ትከሻው ሲወልቅ ተቀይሮ ገብቶ ነው፤ ያን ጊዜ 25 ዓመቱ ነበር። በሚቀጥለው ክረምት ከእንግሊዝ ቡድን ጋር ወደ ሩሲያው የዓለም ዋንጫ ሄደ። አሮን ራምስዴልንም ቦልተን በ15 ዓመቱ ነው የለቀቀው። ሼፊልድ ዩናይትድ ተቀበለው፣ ቦርንመዝ ገዛው፣ ቼስተርፊልድና ዊምብልደን ላይ በውሰት ተጫወተ፤ በ2021 አርሰናል ደረሰ።

ስለ ቁመቱም እጨምራለሁ። በረኞቹ ዴቪድ ራያ 1.83፣ ጆርዳን ፒክፎርድ 1.85 ሜትር ናቸው። ልጅዎ ገና 16 ሳይሞላው 1.81 ከደረሰና የሚያድግ ከሆነ ቁመት አያግደውም። «አልጠነከረም» ማለት ምናልባት ሰውነቱ ከእኩዮቹ ዘግይቶ እያደገ ነው ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ በሁለት ዓመት የሚለወጥ ነገር ነው። የማይለወጠው ሌላ ነው፤ እሱም የቦታው ጥበት።

ስሌቱ ቀላል ነው። በእንግሊዝ የላይኞቹ 4 ሊጎች፣ ማለትም ፕሪሚየር ሊግ፣ ቻምፒዮንሺፕ፣ ሊግ ዋንና ሊግ ቱ፣ በጠቅላላው 92 ክለቦች አሉ። ስለዚህ በአንድ ሳምንት የሚሰለፉ በረኞች 92 ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ ክለብ 3 በረኛ ቢይዝ 276 ባለሙያዎች ይሆናሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ደመወዝ እየተከፈላቸው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አማካይ ተጫዋች ቦታው ቢያዝበት ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ተዛውሮ ይሞክራል፣ በ60ኛው ደቂቃም ተቀይሮ ይገባል። በረኛ ግን የሚገባው ከፊቱ ያለው ሰው ሲጎዳ፣ ቀይ ካርድ ሲያይ፣ ሲሸጥ ወይም አቋሙ ሲበላሽ ነው። ከዚህ የተነሳ የእንግሊዝ በረኛ የሙያ ጉዞ ዋናው ጥያቄ «ጎበዝ ነኝ ወይ?» የሚለው ብቻ አይደለም። «ከ17 እስከ 23 ዓመቴ ድረስ የት፣ ስንት ጨዋታ አደርጋለሁ?» የሚለው ይበልጣል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ አንድ ጥያቄ የሚነሳ ነው።

መደበኛው መንገድ ይህን ይመስላል። ልጅ በ16 ዓመቱ የ2 ዓመት ስኮላርሺፕ ይፈርማል፤ ልምምድ ከትምህርት ጋር ተጣምሮ ይሰጠዋል። ከ17 ዓመቱ ጀምሮ የፕሮፌሽናል ውል መፈረም ይችላል። ስኮላርሺፑ ሲያልቅ ወይ ውል ይሰጠዋል ወይ ይለቀቃል፤ በ18 ዓመታቸው የሚለቀቁት ብዙ ናቸው። ልጅዎ ይህን በር አሁን በዚህ ክለብ አጥቷል፤ በሌላ ክለብ ግን አልተዘጋም። ክለቡ ራሱ ላለማቆየት ከወሰነ አዲሱ ክለብ የሥልጠና ካሳ አይከፍልበትም። ይህ ለልጅዎ ጥቅም ነው፤ በነጻ የሚመጣ ልጅን ለሙከራ መጋበዝ ለማንም ቀላል ነው። ስለዚህ ውሳኔውን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ የቃል ስንብት ኋላ ላይ ጣጣ ያመጣል።

ሦስት አማራጮች ይታዩኛል። የመጀመሪያው ወደ ሊግ ዋን ወይም ሊግ ቱ ክለብ አካዳሚ ለስኮላርሺፕ መሞከር ነው። ሁለተኛው ከናሽናል ሊግ (5ኛው እርከን) እና ከዚያ በታች ካሉ ክለቦች ጋር የተጣመሩ የ16–19 ዓመት የኮሌጅ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ልጁ ትምህርቱን እየተማረ በየቀኑ ይለማመዳል፣ ከበረታም ወደ ክለቡ ዋና ቡድን ይጠራል። ሦስተኛው በአካባቢው በሚገኝ የአዋቂዎች ክለብ በቀጥታ መመዝገብ ነው፤ ለ16 ዓመት በረኛ ግን ይህ ብቻውን ይከብዳል፣ በሳምንት ሁለት ማታ ልምምድ አይበቃውም። የእኔ ምርጫ የመጀመሪያው ከተገኘ የመጀመሪያው ነው፤ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ክለቡ በዚያው ዕድሜ ሌላ ስኮላር በረኛ አለው? ካለው ጨዋታውን እንዴት ያከፋፍላሉ? አንዱ ጨዋታ ለአንዱ፣ ሌላው ለሌላው ከተባለ ልጅዎ በዓመት ከሚገባው ግማሹን ያጣል። ያን ጊዜ በየሳምንቱ 90 ደቂቃ የሚያጫውተው የኮሌጅ ፕሮግራም ይሻለዋል። የክለብ አርማ ያጓጓል፤ በረኛን የሚሠራው ግን በጨዋታ የሚገጥሙት ኳሶች ብዛት ነው።

አንድ ልጅ ከ17 እስከ 22 ምን ማድረግ እንዳለበት ከፒክፎርድ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ8 ዓመቱ ሰንደርላንድ ገባ። ሰንደርላንድ በ17 ዓመቱ ለዳርሊንግተን አዋሰው፤ ዳርሊንግተን ያኔ 5ኛው እርከን ላይ ነበር። ቀጥሎ አልፍሬተን ታውን፣ እሱም 5ኛ እርከን። በርተን አልቢየን፣ ሊግ ቱ። ካርላይል ዩናይትድ፣ ሊግ ዋን። ብራድፎርድ ሲቲ፣ ሊግ ዋን። ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ፣ ቻምፒዮንሺፕ። ደረጃው አንድ በአንድ ሲያድግ ልብ ይበሉ። በጃንዋሪ 2016 ሰንደርላንድ ሲጠራውና ከአርሰናል ጋር በኤፍኤ ካፕ ሲያሰልፈው የ21 ዓመት ልጅ ነበር፤ ግን የአዋቂ ጨዋታ ጠግቦ ነበር። በ2017 ኤቨርተን በ25 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው፤ ዋጋው ወደ 30 ሚሊዮን ሊያድግ የሚችል ነበር።

የታችኛው ሊግ ለበረኛ ምን ያስተምራል? አካዳሚ ውስጥ ሜዳው ምንጣፍ ነው፣ ተጋጣሚው ኳሱን በአጭር ይቀባበላል፣ ዳኛውም በረኛውን ይጠብቃል። 5ኛው እርከን ላይ የ32 ዓመት፣ 90 ኪሎ የሚመዝን አጥቂ ከማዕዘን ምት በፊት እግሩን ይረግጠዋል፤ የመስመር ውርወራው እስከ ትንሹ ሳጥን ይደርሳል፤ ሜዳው በፌብሯሪ ጭቃ ነው፣ ኳሱ አንዳንዴ ይነጥራል አንዳንዴ ይሞታል። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ የቡድኑ ጓደኞች የቤት ኪራያቸው በዚያ ጨዋታ ላይ የተንጠለጠለ ሰዎች ናቸው። ልጁ ኳስ ቢተፋ የሚነግሩት በለሰለሰ ቋንቋ አይደለም። ከ21 ዓመት በታች ውድድር ይህን አይሰጥም። እዚያ ውስጥ እስከ 22 ዓመቱ የቆየ፣ የአዋቂ ጨዋታው ግን በጣት የሚቆጠር በረኛ ውሉ ሲያልቅ ማንም ክለብ አያምነውም። ብዙዎች የሚጠፉት እዚህ ነው፤ በ16 ሳይሆን በ22።

ውሰት ሁሉ ግን ጥሩ አይደለም። ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። ተቀባዩ ክለብ አንደኛ በረኛ አለው ወይ? አሰልጣኙ ልጁን ራሱ ፈልጎ ነው ወይስ የክለቡ ኃላፊ ነው ያመጣው? አሰልጣኙ ቢባረርስ? የታችኛው ሊግ አሰልጣኝ ዕድሜው አጭር ነው፤ አዲስ የመጣው ሰው ልምድ ያለውን በረኛ አምጥቶ ወጣቱን ወንበር ላይ ያስቀምጣል። የሙሉ ጊዜ የበረኛ አሰልጣኝ አለ ወይ? ከሌለ ዋናው ክለብ የራሱን አሰልጣኝ በሳምንት አንዴ ይልካል ወይ? ባላጫወቱት ጊዜ ዋናው ክለብ መልሶ መጥራት የሚችልበት አንቀጽ በውሉ ላይ አለ ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ የሚፈረም ውሰት የባከነ ግማሽ ዓመት ይሆናል።

ዕድሉ ሳይመጣ የሚቀርበት ሰውም አለ፤ ይህንንም ከአሁኑ ማወቅ ይገባዎታል። ኤሚሊያኖ ማርቲኔዝ በ2010 ከአርጀንቲና አርሰናል ሲደርስ 17 ዓመቱ ነበር። ኦክስፎርድ፣ ሼፊልድ ዌንስዴይ፣ ሮዘርሃም፣ ዎልቭስ፣ የስፔኑ ሄታፌ፣ ሬዲንግ፣ ሁሉም ጋ በውሰት ሄደ። ግቡ የእሱ የሆነው በጁን 2020 የአርሰናል አንደኛ በረኛ ቤርንድ ሌኖ ብራይተን ላይ ጉልበቱን ሲጎዳ ነው። 10 ዓመት ጠበቀ። በዚያው ክረምት ኤፍኤ ካፕ አነሳ፣ ወደ አስቶን ቪላ ሄደ፣ በ2022 የዓለም ዋንጫ ወሰደ። ሌኖ ባይጎዳ ይህ ታሪክ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር፤ ሌኖ በተጎዳ ቀን ግን ማርቲኔዝ ዝግጁ ነበር።

ሦስተኛ በረኛነት ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑንም ብዙ ሰው አያውቅም። ስኮት ካርሰን ከ2019 እስከ 2025 ማንቸስተር ሲቲ ቆይቶ የተጫወተው 2 ጨዋታ ነው። ታዲያ ለምን ያዙት? አንዱ ምክንያት ደንቡ ነው። በፕሪሚየር ሊግ የ25 ሰው ዝርዝር ውስጥ «በአገር ውስጥ ያላደጉ» የሚባሉት ከ17 መብለጥ አይችሉም። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያደገ ሦስተኛ በረኛ መያዝ ለውጭ ተጫዋች የሚሆን ቦታ ሳይነካ ዝርዝሩን ይሞላል። ሌላው ምክንያት ልምምዱ ነው፦ አጥቂዎች በየቀኑ ደህና በረኛ ላይ መምታት አለባቸው። ከ21 ዓመቱ በፊት 3 የውድድር ዓመት በእንግሊዝ ወይም በዌልስ ክለብ የተመዘገበ ማንም ተጫዋች፣ ዜግነቱ ምንም ይሁን ምን፣ በአገር ውስጥ እንዳደገ ይቆጠራል። ልጅዎ ከ11 ዓመቱ ጀምሮ የተመዘገበ ስለሆነ ይህን ደረጃ ይዟል፤ ወደፊት ዋጋ አለው።

በኢኤፍኤል ሊጎች (ከፕሪሚየር ሊግ በታች ባሉት 3 ሊጎች) ደግሞ ለበረኛ ብቻ የተለየ በር አለ፤ የአስቸኳይ ውሰት ይባላል። ክለቡ ጤነኛ ባለሙያ በረኛ ሲያጣ የዝውውር መስኮቱ ተዘግቶም ቢሆን ለ7 ቀን መዋስ ይፈቀድለታል። በ1999 ካርላይል በረኛ አጥቶ ጂሚ ግላስን ከስዊንደን በልዩ ፈቃድ ተዋሰ። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ፣ የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች፣ ማዕዘን ምት፤ ግላስ ከግቡ ወጥቶ ሄዶ አገባና ካርላይልን ከሊጉ ከመውረድ አዳነ። እንዲህ ያለ ነገር ደጋግሞ አይመጣም፤ ግን ሐሙስ ማታ ስልክ ተደውሎለት ቅዳሜ የተሰለፈ በረኛ ብዙ ነው። ስለዚህ ክለብ የሌለው በረኛም ቢሆን ልምምድ አያቋርጥም።

አሁን ወደ ሜዳው ልግባ፤ «ምን ላይ ይሥራ» ላሉት።

የመጀመሪያው ነገር በምቱ ቅጽበት መቆም ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ኳስ ከ11 ሜትር ግብ ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ከ20 ሜትር 0.7 ሰከንድ ያህል። ሰው አይቶ ለመንቀሳቀስ ብቻ 0.2 ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። በዚያች ቅጽበት በረኛው አየር ላይ ከሆነ ወይም ወደ ፊት እየሮጠ ከሆነ አቅጣጫ ለመቀየር የቀረው ጊዜ የለም። የአጥቂው እግር ኳሱን ሲነካ የልጁ ሁለት እግሮች መሬት ላይ፣ በትከሻ ስፋት፣ ክብደቱ በእግሩ ፊተኛ ክፍል ላይ፣ እጆቹ ከወገብ ከፍ ብለው ከፊቱ መሆን አለባቸው። በዚህ ዕድሜ የሚበዛው ስህተት ከምቱ በፊት ትልቅ ዝላይ መዝለል ነው። ቪዲዮ ቀርጻችሁ እግር ኳሱን በነካበት ምስል ላይ አቁሙት፤ ተረከዙና ጉልበቱ ሁሉንም ይናገራሉ።

ሁለተኛው፣ ሲወረወር ወደ ኋላ አይሂድ። መጀመሪያ በኳሱ በኩል ያለው እግር ሰያፍ ወደ ፊት ይረግጣል፤ ሰውነቱ ከዚያ ይከተላል። ወደ ኋላ የተወረወረ በረኛ ኳሱን ቢነካውም ወደ መረብ ይገፋዋል። ለቅርብና ለዝቅተኛ ኳስ ደግሞ በሚወድቅበት በኩል ያለው እጅ ነው የሚቀድመው፤ እግሩን ከሥሩ አጥፎ ወዲያው ይውረድ። ወደ ውጭ የሚገፋው ኳስ ወደ ጎን እንጂ ወደ ፊት አይሂድ፤ ከፊት ሁለተኛውን ኳስ የሚጠብቅ አጥቂ አለ።

አንድ ለአንድ ሲገናኝ ኳሱ ከአጥቂው እግር ርቆ ባለበት ጊዜ ሮጦ ርቀቱን ይቁረጥ፤ አጥቂው አንገቱን ደፍቶ ሊመታ ሲል ይቁም። 2 ሜትር ውስጥ ከደረሰ ይዘርጋ፣ ጉልበቱንም ወደ ውስጥ አጥፎ በእግሮቹ መሃል ያለውን ክፍት ይዝጋ። ከ5 ሜትር በላይ ከሆነ ቆሞ ይጠብቅ። ቀድሞ የሚተኛ በረኛ አጥቂውን ከማሰብ ያሳርፈዋል።

ተሻጋሪ ኳስ ላይ ብዙ መቆየት እፈልጋለሁ፤ እንግሊዝ ውስጥ በረኛ የሚመረጠውም የሚጣለውም በዚህ ነው። ኳሱ ከመስመር ሲመጣ ልጁ በግቡ መሃል ወይም ትንሽ ወደ ሩቁ ቋሚ ይቁም፤ ሰውነቱ በግማሽ ወደ ሜዳው የተከፈተ ይሁን፤ ኳሱንም የሩቁን አጥቂም ማየት አለበት። ኳሱ ከእግር ከተነሳ በኋላ መንገዱን ሳያነብ አይነሳ፤ ከወሰነ ግን በሙሉ ፍጥነት ይሂድ። ቀድሞ ተነስቶ ኋላ የሚያዘግም ሁሌ ከኳሱ ሥር ይገባል። በአንድ እግር ይዝለል፣ የሌላው ጉልበት ወደ ላይ ይውጣ፤ ከፍታ ይሰጠዋል፣ ከግጭትም ይጠብቀዋል። ሲወጣ «ኪፐርስ!» (ኳሱ የእኔ ነው) ብሎ ይጩህ፤ ካልወጣ «አዌይ!» (አርቁት) ይበል። ድምፁ ዘግይቶ ቢወጣ ወይም ጨርሶ ባይወጣ ከራሱ ተከላካይ ጋር ይጋጫል። አሁን አሁን ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ ማዕዘን ምት ወደ ትንሹ ሳጥን ተጠምዝዞ ይገባል፣ ሦስት አራት ሰው በረኛውን ይከባል። በዚህ ጭንቅንቅ ውስጥ ለመያዝ መሞከር ሁሌ ብልህነት አይደለም፤ በሁለት ቡጢ ከፍ አድርጎ ወደ መስመሩ ማራቅ ይበቃል። ልምምዱም ባዶ ሳጥን ውስጥ አይሁን። ሁለት ሰው በስፖንጅ ጋሻ እየገፋው በሳምንት ሁለት ጊዜ 20፣ 20 ኳስ ቢይዝ በ6 ወር ውስጥ ለውጡ ይታያል።

እግሩን በተመለከተ፣ ከ1992 ጀምሮ ከጓደኛ በእግር የተመለሰን ኳስ በእጅ መያዝ ተከልክሏል፤ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ የመልስ ምት ከሳጥኑ ሳይወጣ መቀበል ተፈቅዷል። ሁለቱ ለውጦች በረኛን አሥራ አንደኛው የሜዳ ተጫዋች አድርገውታል። የሙከራ ጨዋታ ላይ መልማዮች መጀመሪያ የሚያዩት ደካማ እግሩን ነው። ልምምዱ በሳምንት 3 ቀን፣ በደካማው እግር 30 ኳስ ይሁን፦ 10ሩ 15 ሜትር፣ 10ሩ 25፣ 10ሩ 40። ኳሱ ከመድረሱ በፊት አንገቱን አዙሮ ሁለት ጊዜ ይይ። የመጀመሪያ ንክኪው ከሚጫነው አጥቂ ይራቅ እንጂ ወደ ግቡ መሃል አይሂድ።

ከ2025/26 ጀምሮ ኳስ በእጁ ከ8 ሰከንድ በላይ የያዘ በረኛ ማዕዘን ምት ያሰጣል፤ ዳኛው የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች በእጁ እያሳየ ይቆጥራል። በልምምድ ከአሁኑ ይቁጠሩለት። ለፍጹም ቅጣት ምት፣ ኳሱ ሲመታ ቢያንስ የአንድ እግሩ ከፊል በመስመሩ ላይ፣ በመስመሩ ትይዩ ወይም ከመስመሩ ኋላ መሆን አለበት። መቺውን ማወክ፣ ቋሚውንና አግዳሚውን መነካካት፣ ጊዜ መግደልም ከ2023 ወዲህ በደንቡ በግልጽ ተከልክሏል። የቀረው የቤት ሥራ ነው፦ ፒክፎርድ በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ከስዊዘርላንድ ጋር የመቺዎቹን ስምና የሚወረወርበትን ጎን በውሃ ጠርሙሱ ላይ ጽፎ ገብቶ የአካንጂን ምት አዳነ።

የመወርወር ልምምድ ብዛቱ ይገደብ። በአንድ ዙር 5 ወይም 6 ውርወራ፣ ከዚያ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ዕረፍት። አሥራ አምስት ጊዜ ሳያቋርጥ የሚወረወር ልጅ ድካምን እንጂ በረኝነትን አይለማመድም፤ ዳሌውና ትከሻውም ይጎዳል። በፍጥነት በሚያድግበት ወቅት ከጉልበቱ በታች ያለው አጥንት ካመመው ዝላይ ይቀንስ፤ ሕመሙን በቮልታረን ቅባት እያስታገሱ ማለፍ ስህተት ነው፣ ፊዚዮ ይየው።

ጓንት ላይ ገንዘብ አያባክኑ። ውድ የጨዋታ ጓንት ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ሁለት ጥንድ ይኑረው፣ አንዱ ለልምምድ አንዱ ለጨዋታ። ከመልበሱ በፊት መዳፉን በውሃ ያርጥበው፤ ደረቅ ላቴክስ አይይዝም። ካበቃ በኋላ ለብ ባለ ውሃ በእጅ ይጠብ፣ በጥላ ይስቀለው። ራዲያተር ላይ የደረቀ ጓንት ይሰነጠቃል።

ስለ ጭንቅላት ጉዳት አጥብቄ እናገራለሁ። በኦክቶበር 2006 ሬዲንግ ላይ የቼልሲው በረኛ ፔትር ቼክ በጉልበት ተመትቶ የራስ ቅሉ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሙያው ፍጻሜ መከላከያ ኮፍያ አድርጎ ተጫወተ። ልጅዎ ጭንቅላቱን ተመትቶ ቢደናገር፣ ቢያጥወለውለው ወይም ብርሃን ቢያስጠላው በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስ፣ «ደህና ነኝ» ቢልም። በረኞች ይህን ለመደበቅ የተለየ ምክንያት አላቸው፤ አንዴ ከወጡ ቦታው የሌላ ሰው እንደሚሆን ያውቃሉ።

ስለ ወኪሎች ባጭሩ፦ የፊፋ ፈቃድ ያለው፣ በእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር የተመዘገበና ከሕፃናት ጋር ለመሥራት የተፈቀደለት ካልሆነ አያናግሩት። የልጁ ውክልና ያለ ወላጅ ፊርማ አይጸናም። «ሙከራ አገኝለታለሁ፣ መጀመሪያ ይህን ያህል ክፈሉ» የሚል ሰው ሲመጣ በሩን ይዝጉ። ገቢውን በተመለከተ ናሽናል ሊግ ውስጥ አብዛኛው ክለብ የሙሉ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ሲወርዱ የትርፍ ጊዜ እየሆነ ይሄዳል፣ ተጫዋቾቹም ሌላ ሥራ ይሠራሉ። ስለዚህ የኮሌጅ ትምህርቱ ለይስሙላ መሆን የለበትም።

የእህትዎ ልጅ ጉዳይ እውነቱ ከባድ ነው። ከውጭ አገር 18 ያልሞላውን ተጫዋች የእንግሊዝ ክለብ ማስፈረም አይችልም፤ ወላጆቹ ከእግር ኳስ ውጭ በሆነ ምክንያት ወደ እንግሊዝ ካልመጡ በቀር። 18 ከሞላው በኋላም ከ2021 ጀምሮ በሚሠራው የነጥብ ደንብ 15 ነጥብ ማግኘት አለበት። ነጥቡ የሚመጣው ለብሔራዊ ቡድን ከተጫወተበት መጠንና ከቡድኑ የፊፋ ደረጃ፣ ከሚጫወትበት ሊግ ጥራት፣ ከአህጉራዊ ውድድሮች ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በፊፋ ሠንጠረዥ ከመጀመሪያዎቹ 50 በጣም ርቆ ስለሚገኝ፣ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መምጣት የሚታሰብ አይደለም። በ2023 የተጨመረው የልዩ ፈቃድ ኮታም ለየክለቡ ጥቂት ቦታ ብቻ ነው። በጎብኚ ቪዛ አምጥቶ «ከታየ በኋላ ይስተካከላል» የሚል ካለ ገንዘባችሁን ሊበላ ነው። ለእሱ የሚሻለው እዚያው አገር ውስጥ ቋሚ ተሰላፊ መሆንና ደንቡ ወደሚቀልባቸው የአውሮፓ ሊጎች ማየት ነው።

ወደ ልጅዎ ልመለስና በዚህ ሳምንት የሚሠራውን ልንገርዎ። አካዳሚዎች ስለ እያንዳንዱ ተጫዋች የልምምድ፣ የጨዋታ፣ የአካልና የሕክምና መዝገብ ይይዛሉ። ምዝገባው ሳይዘጋ ይህን መዝገብና የሙሉ ጨዋታ ቪዲዮዎችን ይጠይቁ። ከቪዲዮዎቹ 5 ደቂቃ ያህል ይቁረጡ፦ ተሻጋሪ ኳስ በፊት ይምጣ፣ ከዚያ በእግር የተቀባበላቸው፣ ያዳናቸው በመጨረሻ። ከገባባቸውም ሁለቱን ይጨምሩ። ከጎኑ አንድ ሙሉ ጨዋታ ያያይዙ፤ የበረኛ አሰልጣኝ ከተመረጡ ትዕይንቶች ይልቅ ኳስ ሩቅ ሳለች ልጁ የት እንደሚቆም ማየት ይፈልጋል። ለክለቦች በሚልኩት ደብዳቤ ላይ የትውልድ ቀኑን፣ ቁመቱን፣ የትኛው እግሩ እንደሚበረታ፣ በነጻ መለቀቁን ይጻፉ። አድራሻው ለክለቡ አጠቃላይ ኢሜይል ሳይሆን ለአካዳሚው የበረኞች አሰልጣኝ ይሁን።